ክርን ጠንክሮ መምታት ሃርሞኒክ ይወልዳልን? (የምላሽ ጽሑፍ)

ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ እጄ ገብቶ አነበብሁት። ጽሑፉ ከክራርና ከመሲንቆ ተነሥቶ፣ በዋሽንትና በከበሮ በኩል አልፎ፣ በአሜሪካ እስከ ወደቀው የታኮማ ድልድይ ድረስ የሚዘልቅ ቢሆንም፣ ሐሳቡን ሁሉ የተሸከመው ምሰሶ አንድ ነው፤ ይኸውም ሃርሞኒክ የሚባለው ነገር የሚመነጨው ከንዝረት ስፋት ነው የሚል ነው። እንደ ጸሐፊው አባባል፣ ክር በዝግታ ሲነካ መሠረታዊ ድምፁን ብቻ ያሰማል፤ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ግን ንዝረቱ ስለሚሰፋ የመሠረታዊው ሁለት፣ ሦስትና አራት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ፤ አመታቱ በበረታ ቁጥርም እየበዙ ይሄዳሉ።

የጽሑፉ ቋንቋ ያማረ ነው፤ ምላሽ ለመስጠት የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ድምፅ ፊዚክስ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ፣ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ስሕተት ሥር ለመስደድ ጊዜ አይፈጅበትም። ጸሐፊው ካነሧቸው ነጥቦች መካከል ትክክል የሆኑም ስላሉ፣ እነርሱንም በየቦታቸው እቀበላለሁ።

በቅድሚያ ቃላቱን ለይተን እንያዝ። ድግግሞሽ አንድ ነገር በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረን መጠን ሲሆን በሄርዝ ይለካል፤ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት በዋናነት የሚወስነው እርሱ ነው። አምፕሊቲዩድ የሚባለው የንዝረት ስፋት ደግሞ የሚነዝረው ነገር ከዕረፍት ቦታው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያመለክታል። ሃርሞኒክ የምንለው ድግግሞሹ የመሠረታዊው ሙሉ ቁጥር ብዜት የሆነውን የንዝረት ክፍል ነው፤ የአንድ ክራር ክር መሠረታዊ ድግግሞሽ 200 ሄርዝ ቢሆን፣ 400፣ 600፣ 800 እያለ የሚቀጥለው ረድፍ ሃርሞኒኮቹ ናቸው። ሁለተኛው ሃርሞኒክ በክሩ መካከል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሲሶውና በሁለት ሲሶው ላይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ አላቸው፤ ይህ ነጥብ ኖድ ይባላል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሶቨር እ.ኤ.አ. በ1701 ባቀረበው ሥራ፣ በሚነዝር ክር ላይ ቁርጥራጭ ወረቀት በማስቀመጥ፣ በኖዶቹ ላይ ያሉት ወረቀቶች ባሉበት ሲቀሩ ሌሎቹ ተወርውረው እንደሚወድቁ አሳይቷል። እነዚህን ነጥቦች ወደ ኋላ ደጋግመን ስለምንፈልጋቸው አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ።

የጸሐፊው ዋና ማስረጃ በስልካቸው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ያደረጉት ሙከራ ነው። ያንኑ የክራር ክር መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎም በኃይል መትተው፣ በመጀመሪያው አራት፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ ጫፎች (እያንዳንዱ ጫፍ አንድን ድግግሞሽ ያመለክታል) በስክሪኑ ላይ ስላዩ፣ ትርፎቹ ሰባት ሃርሞኒኮች በንዝረቱ መስፋት ምክንያት ተወልደዋል ሲሉ ደምድመዋል። ያዩትን ነገር ማየታቸውን አልጠራጠርም። ስሕተቱ ያለው በድምዳሜው ላይ ነው። ማንኛውም ክፍል የራሱ ጫጫታ አለው፤ የጎዳና ድምፅ፣ የማቀዝቀዣ እሮሮ፣ የስልኩ ማይክሮፎን የራሱ ሽሽታ ሁሉ ተደምረው በስክሪኑ ግርጌ እንደ ወለል ይነጠፋሉ። ይህ ወለል በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል 30 ላይ ነው እንበል። በዝግታ የተመታው ክር መሠረታዊ ድምፅ 50 ዴሲቤል፣ አምስተኛው ሃርሞኒክ ደግሞ 25 ዴሲቤል ቢሆን፣ አምስተኛው ከወለሉ በታች ስለሆነ አይታይም። ክሩን አሥር እጥፍ አርቀን ብንስበው ሁሉም እኩል 20 ዴሲቤል ከፍ ይላሉ፤ መሠረታዊው 70፣ አምስተኛው 45 ይሆናል። አምስተኛው አሁን በግልጽ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ25 ዴሲቤል ልዩነት ግን እንደነበረ ነው። ወንዝ ሲጎድል ብቅ ያሉ ድንጋዮች ዛሬ ተፈጠሩ እንደማይባል ሁሉ፣ እነዚያ ሰባት ጫፎችም በዝግታ በተመታው ድምፅ ውስጥ አስቀድመው ነበሩ።

ለምን እንደነበሩ ለመረዳት ክሩ ከጣት ወደሚለቀቅበት ቅጽበት መመለስ ያስፈልጋል። ጣት ክሩን ስቦ ሲይዘው ክሩ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል፤ ይህ ቅርጽ ደግሞ በራሱ የብዙ ሃርሞኒኮች ድምር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሃርሞኒክ ድርሻ ክሩ ገና ሳይለቀቅ ተወስኖ ያለቀ ሲሆን፣ የሚወስነውም የተሳበበት ቦታ ነው። ክሩ ከመካከሉ ተስቦ ሲለቀቅ፣ የመሠረታዊውን ስፋት 1 ብንል፣ ሦስተኛው አንድ ዘጠነኛ፣ አምስተኛው አንድ ሃያ አምስተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ግን ጭራሽ የሉም። ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ላይ ሲሳብ ደግሞ ሁለተኛው 0.40፣ ሦስተኛው 0.18፣ አራተኛው 0.06 ይሆንና አምስተኛው ይጠፋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስተዋለው ሕግ ይህንኑ ይላል፤ ክሩ በተሳበበት ነጥብ ላይ ኖድ ያላቸው ሃርሞኒኮች አይነሡም። እንግዲህ ክሩን በ2 ሚሊ ሜትር ፈንታ 4 ሚሊ ሜትር ብንስበው ሦስት ማዕዘኑ ያድጋል እንጂ መልኩ አይለወጥም፤ 1፣ 0.40፣ 0.18 የነበረው 2፣ 0.80፣ 0.36 ይሆናል፤ ዜሮ የነበረውም በሁለት ቢባዛ ያው ዜሮ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ስልክም ሒሳብም አያስፈልግም። ክራር ያለው ሰው አንዱን ክር ከላይ ከሚታሰርበት ቀንበር እስከ ታች እስከሚያርፍበት ብርኩማ ባለው ርዝመት ልክ መካከሉ ላይ በኃይል ይሳበውና ይልቀቀው፤ ወዲያውም ያንኑ መካከል በጣቱ ሥጋ ቀስ አድርጎ ይንካው። ድምፁ ይሞታል፤ ምክንያቱም በመካከል ኖድ ያላቸው ሃርሞኒኮች አልተነሡም፣ የተነሡት በሙሉ ደግሞ በመካከል የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ ጣቱ ሁሉንም ያጠፋቸዋል። አሁን ክሩን ወደ ብርኩማው ቀረብ አድርጎ፣ በጣም በዝግታ ይሳበውና መካከሉን እንደገና ይንካ። በዚህ ጊዜ አንድ ኦክታቭ (ማለትም በድግግሞሽ ሁለት እጥፍ) ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ጸንቶ ይሰማል። በኃይል የተሳበው ክር ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ሳይሰጠን በዝግታ የተሳበው ሰጠን ማለት ነው። መካከሉን በትክክል ለማግኘት ሜትር መያዝ ይጠቅማል፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን በግምት ሞክሬ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስቼ ስለነበር ደካማ ኦክታቭ ቀርቶ አሳስቶኝ ነበር።

ታዲያ ጠንክሮ የተመታ ክር ለጆሮ የሚደምቀው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ጸሐፊው በትክክል አንሥተውታል፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። ሰው ጠንክሮ ሲመታ ብዙውን ጊዜ በጣቱ ሥጋ ሳይሆን በጥፍሩ ወይም በመምቻ ይመታል፤ ጠባብና ጠጣር ነገር ደግሞ የሦስት ማዕዘኑን ጫፍ ስለሚያሾለው ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች ይጠነክራሉ። እጅ ሲበረታም ሳይታወቅ ወደ ብርኩማው ይጠጋል፤ ቦታው ሲለወጥ ደግሞ ድርሻው ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው የተሳሳቱበት ይመስለኛል ብዬ የምገምተው የአከሳሰሙ ነገር ነው። የማንኛውም ክር ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች ከመሠረታዊው ቀድመው ይከስማሉ፤ በጅማትና በናይለን ክር ላይ ይህ በተለይ ፈጣን ነው። ስለዚህ ድምፁ ሰፊ በሆነበት በመጀመሪያው ቅጽበት ደማቅ፣ እየጠበበ ሲሄድም ደብዛዛ ይሆናል። ስፋቱና ድምቀቱ አብረው ስለወረዱ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም እየወረዱ ያሉት በጊዜው ማለፍ ነው። ክሩን ከመጀመሪያው በዝግታ የመታ ሰው፣ በዚያች የመጀመሪያ ቅጽበት ያንኑ ድምቀት በትንሽ ድምፅ ያገኘዋል።

ሁለተኛው የጸሐፊው ነጥብ፣ የሚነዝር ነገር ሁሉ የመሠረታዊው ሙሉ ቁጥር ብዜት የሆኑ ሃርሞኒኮች አሉት የሚል ነው። ይህ ለቀጭንና ለልስልስ ክር እጅግ የቀረበ እውነት ነው፤ «የሚነዝር ነገር ሁሉ» ሲባል ግን አይሆንም። እኩል የተወጠረ ሐሳባዊ ክብ ቆዳ ድግግሞሾቹ በ1፣ 1.59፣ 2.14፣ 2.30 ዝምድና ይሄዳሉ፤ ከበሮ እንደ ክራር ክር የጠራ ቃና የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ነጻ የሆኑ ቀጭን ዘንግ ደግሞ 1፣ 2.76፣ 5.40 ይሰጣል። በጣና ገዳማት ተሰቅለው በድንጋይ የሚመቱት የድንጋይ ደወሎች ዘንግም ክብ ቆዳም ስላልሆኑ የየራሳቸው ረድፍ አላቸው፤ ድምፃቸውን ከሩቅ የሚያስለየውም ይኸው ያልተስተካከለ ረድፍ ነው። የብረት ክር እንኳ ግትርነቱ ላይኛዎቹን ድምፆች ከሙሉ ብዜታቸው በጥቂቱ ከፍ ስለሚያደርጋቸው፣ ፒያኖ የሚቃኙ ባለሙያዎች ኦክታቮቹን በትንሹ ለጠጥ አድርገው ይቃኛሉ። እነዚህን ሁሉ ሃርሞኒክ ብሎ መጥራት የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ስለ ሪዞናንስ (የሚገፋ ኃይል ከነገሩ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ስለሚያድግበት ሁኔታ) የሚሰጠው ትንታኔ የሚበላሸው ከዚሁ ነው።

መሠረታዊው ድምፅ ሁልጊዜ ከሃርሞኒኮቹ ሁሉ የሰፋ ነው መባሉን በአጭሩ ልለፈው። በክሩ መፈናቀል ከለካነው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ጆሮ የሚሰማው ግን ክሩ ብርኩማውን የሚገፋበትን ኃይል፣ ከዚያም ገበቴው (የመሣሪያው የድምፅ ሳጥን) ወደ አየር የሚያሰራጨውን ነው። ኃይሉ የእያንዳንዱ ሃርሞኒክ ስፋት በተራ ቁጥሩ ተባዝቶ ስለሚገኝ፣ ከላይ ያየነው 1፣ 0.40፣ 0.18፣ 0.06 ብርኩማው ላይ ሲደርስ 1፣ 0.81፣ 0.54፣ 0.25 ይሆናል፤ ገበቴው ዝቅተኛውን ድግግሞሽ በደንብ ማሰራጨት ካልቻለ ደግሞ መሠረታዊው ከሁለተኛው ሊያንስ ይችላል። የመደበኛ ስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ድምፁ በ100 ሄርዝ አካባቢ የሆነ ወንድ በስልክ ሲናገር መሠረታዊ ድግግሞሹ ጭራሽ አይተላለፍም፤ ሆኖም አድማጩ የሰውየውን ወፍራም ድምፅ ከሃርሞኒኮቹ ቀምሮ ይሰማዋል።

ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ጉልህነትም በእጥፍ ያድጋል የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገርም ታርሞ ይለፍ፤ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ኢነርጂው አራት እጥፍ፣ ዴሲቤሉም በ6 ከፍ ይላል፤ ለጆሮ በእጥፍ የጎላ እንዲመስል ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል። ጸሐፊው ስፋት ሃርሞኒክን ይወልዳል ካሉ በኋላ፣ ድግግሞሽ ግን በስፋት ከቶ አይነካም ብለው ይጽፋሉ፤ ለዚህም የጋሊልዮን ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ይጠቅሳሉ። እውነታው ከሞላ ጎደል የዚህ ተቃራኒ ነው። ፔንዱለም በጠባቡ ሲወዛወዝ የሚወስደው ጊዜ ከስፋቱ ጋር አይያያዝም፤ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ርቆ ሲለቀቅ ግን ጊዜው በ1.7 በመቶ፣ 90 ዲግሪ ርቆ ሲለቀቅ በ18 በመቶ ይረዝማል። በክር ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ላይ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክር በመካከሉ 3 ሚሊ ሜትር ሲርገበገብ፣ በጉብጠቱ ምክንያት ርዝመቱ በ0.006 በመቶ ይጨምራል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የብረት ክሩ ሲቃኝ የተለጠጠው በጠቅላላው 0.3 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ይህች ኢምንት ጭማሪ በንዝረቱ ጫፍ ላይ ውጥረቱን በ2 በመቶ፣ ድግግሞሹን ደግሞ በጠቅላላው በ0.8 በመቶ ገደማ ከፍ ታደርገዋለች። ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጭማሪው አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 3 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም የአንድ ሰሚቶን (የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ) ግማሽ ያህል ነው። ላላ ተደርጎ የተቃኘ የብረት ክር በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ቀጥኖ ጀምሮ ወደ ቅኝቱ እየወረደ የሚያርፈው ከዚህ የተነሣ ነው። ናይለን ክር ሲቃኝ ብዙ ስለሚለጠጥ ይህ በእርሱ ላይ ያነሰ ነው። ጀማሪ ተማሪ ክራሩን በኃይል እየመታ ሲቃኝና በዝግታ ሲጫወት ቅኝቱ ወርዶ የሚያገኘው ለምን እንደሆነ ጸሐፊው አስተውለውት ቢሆን ኖሮ፣ ስፋት በእርግጥ የሚያደርገውን ነገር በእጃቸው ይዘውት ነበር።

ከዚሁ ጋር ልደብቀው የማልፈልገው ነገር አለ። ውጥረቱ በእያንዳንዱ ምልልስ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ብርኩማውም ፍጹም የማይነቃነቅ ካልሆነ፣ በአሳሳቡ ያልተነሡ ሃርሞኒኮች ቀስ እያሉ ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ። በአውስትራሊያ ሌግና ፍሌቸር እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ በስሌትና በሙከራ አሳይተዋል። ስለዚህ «ዜሮ ያው ዜሮ ነው» ያልሁት ስፋቱ ልከኛ በሆነ ጊዜ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ይህ ውጤት ደካማና ዘግይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ለታዩት ሰባት ጫፎች ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑት በዋሽንትና በመሲንቆ ላይ ነው። እነዚህ እንደ ክራር አንዴ ተነክተው የሚተዉ ሳይሆኑ፣ ትንፋሽ ወይም ደጋን ያለማቋረጥ ኢነርጂ የሚመግባቸው መሣሪያዎች ናቸው። የትንፋሹ ጅረት በዋሽንቱ አፍ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲል፣ ንዝረቱ ጠባብ በሆነ ጊዜ ለስላሳ ሞገድ ይሠራል፤ ስፋቱ ሲያድግ ግን ጅረቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በድንገት መገልበጥ ስለሚጀምር የሞገዱ ቅርጽ ይለወጣል፣ ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮችም ከመሠረታዊው ፈጥነው ያድጋሉ። እዚህ ላይ ስፋት በእርግጥ የድምፁን ድርሻ ይቀይራል። እንዲያውም ዋሽንቱ ይበልጥ ሲነፋ ነገሩ በድንገት ይዘልና ኦክታቭ ከፍ ይላል። ትሮምቦን በተባለው የናስ መንፊያ ላይ ደግሞ ሂርሽበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ በኃይል ሲነፋ የግፊቱ ሞገድ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ ፊቱ እየቀጠነ ግፊቱ በድንገት ወደሚዘልበት ሞገድ (ሾክ ዌቭ) ስለሚለወጥ፣ ያ የሚታወቀው የናስ ጩኸት ይወጣል። የመሲንቆው የፈረስ ጭራ ክርም በደጋኑ ሙጫ እየተያዘ እየተለቀቀ ስለሚሄድ፣ ንዝረቱ በእያንዳንዱ ዙር ያው ራሱን ይደግማል፤ ራሱን የሚደግም ንዝረት ደግሞ ሃርሞኒኮቹ ፍጹም ሙሉ ብዜቶች ናቸው። ጸሐፊው ከእነዚህ የወሰዱትን እውነት ወደ ክራርና ወደ ከበሮ ማዛወራቸው ነው ያሳሳታቸው።

ወደ ሪዞናንስና ወደ ታኮማ እንሂድ። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ የሚገፋው ኃይል ድግግሞሽ ከነገሩ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ወይም ከሃርሞኒኮቹ ጋር ሲገጥም ስፋቱ ያለ ገደብ ያድጋል፤ የታኮማ ድልድይም የወደቀው የነፋሱ አንድ ሃርሞኒክ ከድልድዩ ጋር ስለገጠመ ነው። ገደብ የለውም የሚለው እውነት የሚሆነው ንዝረትን የሚያከስም ምንም ነገር በሌለበት ዓለም ነው። በእውነተኛ ነገር ላይ፣ በየምልልሱ የሚገባው ኢነርጂ በየምልልሱ ከሚባክነው ጋር እኩል ሲሆን ስፋቱ እዚያው ይቆማል። ጥሩ የቃና ሹካ (ለመቃኛ የሚያገለግል የብረት ሹካ) ከብዙ መቶ ምልልስ በኋላ ትልቅ ስፋት ላይ ይደርሳል፤ በእርጥብ ቆዳ የተለበጠ ሳጥን ግን ከጥቂት ምልልስ በኋላ ያበቃለታል። ገበቴ ድምፅን «ያጎላል» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ገበቴው ከክሩ ያልተቀበለውን ኢነርጂ አይፈጥርም፤ የክሩን ኢነርጂ ፈጥኖ ወደ አየር ስለሚያወጣው ድምፁ ይጎላል፣ በዚያው ልክም ክሩ ቶሎ ይከስማል።

ታኮማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1940 ሲሆን፣ የወደቀው በዚያው ዓመት ኅዳር 7 ቀን ነው። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍል 853 ሜትር ነበር። ያን ቀን ነፋሱ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነፍስ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት ከድልድዩ ጎን የሚላቀቁት የአየር ሽክርክሪቶች ድግግሞሽ ወደ 1 ሄርዝ ይጠጋል፣ ድልድዩ ግን የተጣመመው በ0.2 ሄርዝ፣ ማለትም በአምስት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ነበር። ልብ ይባል፤ የነፋሱ ሽክርክሪት ከድልድዩ ይበልጥ ፈጣን ስለሆነ፣ ሃርሞኒኮቹ ይበልጥ ይርቃሉ እንጂ ወደ 0.2 ሊወርዱ አይችሉም። ቢላህና ስካንላን እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፉት መጣጥፍ እንዳብራሩት፣ ጥፋቱ የመጣው ድልድዩ በተጣመመ ቁጥር በላዩ የሚያልፈው የነፋስ ኃይል ራሱ በመጣመሙ እየተለወጠ፣ በየምልልሱ ኢነርጂ ስለጨመረለት ነው፤ ከውጭ የሚገፋ ቋሚ ድግግሞሽ ያለው ኃይል አልነበረም። በአደጋው ሰው አልሞተም፤ በመኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ግን ሞቷል።

የሚገፋው ኃይል ሃርሞኒክ ሪዞናንስን ሊያነሣ ይችላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ግን ትክክል ስለሆነ፣ ከታኮማ ይልቅ ዥዋዥዌ ይሻለዋል። ልጅን በዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው በየምልልሱ ፈንታ በየሁለተኛው ምልልስ ቢገፋም ዥዋዥዌው ከፍ ይላል። የመግፋቱ ድግግሞሽ የዥዋዥዌው ግማሽ ነው፤ አጭርና ድንገተኛ ግፊት ግን በሃርሞኒክ የበለጸገ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሃርሞኒኩ ከዥዋዥዌው ጋር ይገጥማል። ግፊቱ ለስላሳና ዘገምተኛ ቢሆን ይህ አይሆንም።

በመጨረሻ ወደ በገና። ጸሐፊው ስለ በገና የጻፉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የበገና እርግብግብታ የሃርሞኒክ ጉዳይ ሳይሆን ከክሩ ውጪ የሆነ የቆዳ ጫጫታ ነው ይላሉ፤ ድምፁን ለማጥራትም እንዚራውን ማውጣት ይቻላል ሲሉ ይጠቁማሉ። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። የበገና አሥሩ ክሮች በብርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ደርዳሪው ከመዝሙሩ በፊት ረጅም ጊዜ ወስዶ በጥቂቱ እየገፋ፣ እየመለሰ የሚያስተካክላት እርሷን ነው። ክሩ ሲነዝር እንዚራዋን እየነካ እየተላቀቀ ስለሚሄድ፣ የክሩ ነጻ ርዝመት በእያንዳንዱ ምልልስ ውስጥ ይለዋወጣል። ክሩ ወደ ቆዳው ሲወርድ የሚገጥመው ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ከሚገጥመው የተለየ ነው፤ ይህ ደግሞ በስፋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመነካካቱ ሁኔታ ክሩ ስንት እንደሚርቅ ይከተላል። እዚህ ላይ የያንግ ሕግ አይሠራም። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ራማን እ.ኤ.አ. በ1921 ታንፑራ ስለተባለው የሕንድ ባለክር መሣሪያ ባቀረበው ጥናት፣ ክሩ በኖዱ ላይ ተስቦ እንኳ ይጠፋ የነበረው ሃርሞኒክ ጠንክሮ እንደሚሰማ አሳይቷል፤ በታንፑራ ብርኩማ ላይ የምትገባው የጥጥ ክር የምትሠራው ሥራ ከእንዚራዋ ጋር የቀረበ ነው። ከመሠረታዊው ኢነርጂ እየተወሰደ ወደ ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች በየምልልሱ ይተላለፋል፤ ስለዚህም የበገና ድምፅ እንደ ክራር በመነሻው ብቻ ደምቆ ቶሎ አይደበዝዝም።

ስፋት ሃርሞኒክን ሲወልድ ማየት የሚሻ ሰው መፈለግ ያለበት ይህንን መሣሪያ ነበር። ጸሐፊው በክራር ላይ የሌለውን ነገር በስልካቸው አይተው ሲያበቁ፣ በበገና ላይ በግልጽ ያለውን ጫጫታ ብለው አስወጡት፤ እንዚራዋ ስትወጣ ደግሞ የሚቀረው በአንድ አምስተኛው ላይ ሲሳብ አምስተኛው ሃርሞኒክ የሚጠፋበት፣ የትኛውም ሌላ ክር ነው።